ቀለሙን አላቀጠንሁም

ከሁሉ አስቀድሞ የተበደልሁት ይመዝገብልኝ። እዚሁ መካነ ሰላም፣ በእድራችን ስብሰባ ላይ፣ ሰባ የሚያህል ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ይመር ተነሥቶ «ወይዘሮ ሙሉ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥና ቀባችብኝ» ብሏል። አኳራጅ የዘይት ቀለም የሚቀጥንበት፣ ብሩሽም የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። ለቀለም ቀቢ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ጠላ ሻጭን «ውሃ ጨመርሽበት»፣ ቄስን «ቅዳሴ ዘለልህ» እንደማለት ነው።

እኔ ቀለም አላቀጠንሁም። ጣሳው ላይ ከተጻፈው ልክ በላይ አንዲት ጠብታ ጨምሬ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼና አሁን ብሩሽ ለሚይዙት ልጆች ነው። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የጎደለ ፊደል ብታገኙ ሙሉበት። የጎደለ እውነት ግን አታገኙም።

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ቀለም ልቀባ አልሄድሁም። ከተማችን ውስጥ ትምህርት ቤት ሲሠራ ውሃ ልሸከም ነበር የተቀጠርሁት። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ካቦው፣ ማለትም የሠራተኞቹ አለቃ፣ ከደሴ የመጣ ጎበዜ የሚባል ረጅም ሰው ነበር። ያን ዕለት ከቀቢዎቹ አንዱ መሰላል ላይ ሆኖ የቀለሙ ሽታ አስነጥሶት ወደቀና ወገቡን ይዞ ተቀመጠ።

«ብሩሽ የሚይዝ ማነው?» አለ ካቦው።

«እኔ» አልሁ እንስራዬን እንደያዝሁ።

«ሴት ቀለም አትቀባም።»

«የእርስዎን ቤት ግድግዳ በየዓመቱ በነጭ አፈር የሚለቀልቀው ማነው? እርስዎ ነዎት?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ካቦው አልሳቀም፤ ሚስቱ ትዝ ብላው ይሆናል። ብሩሽ አልሰጠኝም። ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝና «ፈቅፍቂ» አለኝ። አሥራ አንድ በር ፈቀፈቅሁ። እንጨቱ ብቻ ሳይሆን ጣቴም ለሰለሰ። በኋላ መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ስሄድ አሻራዬ አልወጣ ብሎ ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ቀለም ቀባኝ። «ይሄ ቀለም ቀጥኗል» አልሁት። ያን ጊዜ ቃሉ ገና ቀልድ ነበር።

በእኛ ሥራ ደረጃ አለ። መጀመሪያ ፈቅፋቂ ነሽ። ቀጥሎ ቀዳዳና ስንጥቅ በስቱኮ ትደፍኛለሽ። ከዚያ የመጀመሪያውን እጅ ትቀቢያለሽ፤ አንድ እጅ ማለት አንድ ሽፋን ቀለም ነው። ከሁሉ በላይ የመጨረሻውን እጅ የሚቀባው ነው፤ ሰው የሚያየው የእሱን እጅ ስለሆነ ምስጋናውም ስድቡም የእሱ ነው። ካቦ ጎበዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቅፋቂ አድርጎ አስቀመጠኝ። ከእኔ በኋላ የመጡ ሁለት ወንዶች ቀደሙኝ። በየሳምንቱ መጨረሻ ፊቱ ቆሜ «የእኔ ተራ መቼ ነው?» እለው ነበር። በመጨረሻ ብሩሽ የሰጠኝ ጥያቄዬ ስለሰለቸው ነው። እኔ ግን ስለሚገባኝ ተቀበልሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ጥፋት ነበር፤ ይህም ይመዝገብ። ጥቁር ቡናማ የነበረውን የበር መቃንና ከግድግዳው ሥር የሚዞረውን ጣውላ፣ ዞኮሎ የምንለውን፣ ወደ ክሬም እንድለውጥ ታዘዝሁ። ቸኮልሁ። ክሬሙን በቀጥታ በጥቁሩ ላይ ሁለት እጅ ደረብሁት። በማግሥቱ ካቦው መጥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ክሬም ነው።»

«ይሄ ክሬም አይደለም። በሐምሌ የሚወርድ ወንዝ ነው።»

እውነቱን ነበር። ከዚያ አስቀምጦ አስተማረኝ። ጥቁር ቀለም በፈዛዛ ቀለም አይሸነፍም፤ በዝግጅት ነው የሚሸነፈው። በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቢዋለሽ። ሲደርቅ አብረቅራቂው እስኪሞት ትፈቀፍቂዋለሽ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ታነሺለታለሽ። የማያብረቀርቅ ነጭ አንድ እጅ ትቀቢና አንድ ቀን ትጠብቂያለሽ። በደቃቅ ወረቀት በስሱ ትነኪዋለሽ። ከዚያ በኋላ ነው ክሬሙን ሁለት እጅ የምትቀቢው፤ በመካከላቸውም አንድ ቀን። በክረምት ሁለት ቀን። የእኛ አገር ጉም ቀለም የሚያደርቅ አይምሰላችሁ።

የመጨረሻ እጅ ቀቢ ሆኜ መጀመሪያ የተላክሁት ወግዲ ነው። የአንድ ነጋዴ ቤት መቃኖችን ከጥቁር ወደ ነጭ እየለወጥሁ ሳለ የጎረቤት ዶሮ፣ ቀይ ዶሮ፣ በእርጥቡ መቃን ተሻሽታ አለፈች። ግራ ጎኗ ነጭ ሆነ። የዶሮዋ ባለቤት ሊፈልጋት ሲመጣ አያት፣ ዞሮም አያት።

«ይቺ የእኔ አይደለችም። የእኔ ቀይ ናት።»

«አያ፣ በዚህ በኩል ይዩዋት፤ ቀይ ናት» አልሁት።

«በዚያ በኩልስ? ቀይ ዶሮዬን አምጪ!»

ሌባ ልባል ነው። አልተውሁትም። ዶሮዋን ታቅፌ ሽማግሌ ፊት ቀረብሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያገላበጡ አዩዋት። አንደኛው «ቀዩ ጎን የእሱ ነው» አለ። ሌላው «ነጩስ የማነው?» አለ። ሦስተኛው ዶሮ በሁለት ባለቤት ስትዳኝ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እነሱ ገና ሲከራከሩ ዶሮዋ ከክንዴ ወርዳ፣ መንገዱን አቋርጣ፣ ሰውዬው ግቢ ገብታ ቆጧ ላይ ወጣች። ሰውዬው ተከተላት። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ያን ጊዜ ወጣት ስለነበርሁ አለፍሁት። አሁን ቢሆን አላልፈውም።

ጎበዜ ወደ ደሴ ሲመለስ እኔ የራሴን ሥራ ጀመርሁ። አብራኝ የምትሠራው ትርንጎ ናት። አርባ ዓመት የሞላት፣ አፏ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሆነ ሴት ናት። ለመፈቅፈቅ ግን እንደሷ ያለ የለም። ቀለም ከደሴ በጭነት መኪና ይመጣልናል። መንገዱ ስለሚያናውጠው ጣሳ ስንከፍት የተበጠበጠ ነው፤ የመበጥበጥ ድካም የለብንም። የመንገዳችን ብቸኛ ጥቅም ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ጋሽ ይመር መጣ። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። ግራጫ ባርኔጣ ከራሱ ወርዶ አይቼ አላውቅም። በዕድሜ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ ግን እኔ «እርስዎ» ስለው እሱ «አንቺ» ይለኛል። ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ሥራውን የፈለገችው ግን ሚስቱ አስናቁ ናት። ዓይኗ እየደከመ ነው። የቤታቸው መቃንና ዞኮሎ ሁሉ ጥቁር ቡናማ ስለነበር በሩ የት እንደሚያልቅ አይታያትም። ትከሻዋን እያጋጨች ሰማያዊ አድርጋዋለች።

«አርባ ዓመት በዚህ በር ገባሁ ወጣሁ፤ አሁን ካደኝ» አለችኝ። «ነጣ ያለ ነገር ቀቢልኝ እስቲ፣ እቴ ሙሉ። ካላየሁት ልዳብሰው፣ ከዳበስሁት ልየው።»

«አብሽሪ፣ ክሬም አደርገዋለሁ። ከሩቅ ይጠራሻል።»

ጋሽ ይመር ባርኔጣውን እንዳጠለቀ ጣልቃ ገባ። «ጥቁሩ ምን ሆነ? ጥቁር ቆሻሻ አይታይበትም።»

«ቆሻሻው አለመታየቱ የለም ማለት አይደለም፣ ጋሽ ይመር» አልሁት። ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አምስት በር፣ ሰባት መስኮትና የአራት ክፍል ዞኮሎ ሠራን። አጠብን፣ ፈቀፈቅን፣ ነጩን ቀባን፣ ጠበቅን፣ ክሬሙን ሁለት እጅ አሳረፍን። ስንጨርስ አስናቁ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን እየተመላለሰች ሳቀች። ትከሻዋን አንዴም አላጋጨችም። ትርንጎ ቅናት ያዛትና «የእኔን ቤት ማን ይቀባልኛል?» አለች። «አንቺው» አልኋት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተጠራን። በመኝታ ቤቱ በር ቀኝ መቃን ላይ መዳፍ የምታህል ቢጫ ነገር ወጥታለች። ስነካት ትጣበቃለች።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ጋሽ ይመር፣ ልክ እንደ ካቦ ጎበዜ እጁን አጣምሮ።

ፈቀፈቅሁት፤ እንደገና ቀባሁት። በሁለተኛው ሳምንት ያችው ቢጫ በዚያው ቦታ ወጣች። ደግሜ ፈቀፈቅሁ፤ ደግሜ ቀባሁ። ደግማ ወጣች። ሌሎቹ አራት በሮች እንደ እንቁላል ቅርፊት ጠርተው ቆመዋል። በአንድ ጣሳ፣ በአንድ ብሩሽ፣ በአንድ እጅ ነው የተቀቡት።

«ከአንድ ጣሳ የወጣ ቀለም እንዴት በአንድ መቃን ብቻ ይበላሻል?» አልሁት።

«የጣሳው መጨረሻ ይሆናላ፤ ሲያልቅብሽ አኳራጅ ጨመርሽበት» አለኝ።

ይህንኑ ነው እድሩ ላይ የደገመው። የተነሣበትም ምክንያት ነበረው። የእድሩ አዳራሽ ጥቁር በርና መስኮት ወደ ፈዛዛ እንዲለወጥ ተወስኖ፣ ሥራው ለእኔና ለትርንጎ ተሰጥቶን ነበር። ጋሽ ይመር ያን ከተናገረ በኋላ «እስኪጣራ ይቆይ» ተባለ። ሰባ ሰው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ጎረቤቶቼ ናቸው፤ የብዙዎቹን ቤት እኔ ነኝ የቀባሁት። ያን ቀን ወደ ቤታቸው ገብተው መቃናቸውን በጣታቸው እንደነኩ አውቃለሁ።

በሳምንቱ ገበያ ስሄድ ስሜ ተለውጦ ጠበቀኝ። «እማማ አኳራጅ!» አለችኝ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ። የማላውቃት ናት። በርበሬ ሻጯም ተቀበለቻት። ትርንጎ ያን ሰምታ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

«ያስቃል?»

«ወላሂ ያስቃል። ግን አዳራሹን ከከለከሉን እኔም አልስቅም» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

እኔ ስሜን እፈልጋለሁ አልሁ። ሠላሳ ዓመት ያወጣሁት ስም በመዳፍ በምታህል ቢጫ ሊጠፋ አይገባም። ስለዚህ ትርንጎን ይዤ ወደ ጋሽ ይመር ቤት ሄድሁ። እሱ የለም። አስናቁ አስገባችን። ከወለሉ እስከ ቢጫዋ ለካሁ፤ ሁለት ክንድ ከስንዝር። እንግዲህ በዚህ ቁመት መቃኑን የሚነካ ማነው?

አስናቁን አጠገቡ አቆምኋት። ትከሻዋ ከቢጫዋ በላይ ነው፤ ክርኗም አይደርስም። ውሻው በጣም ያንሳል። ፍየሏም አንገቷን ብትዘረጋ እንኳ አይሆንላትም። ትርንጎ ከጓሮ ጥጃውን እየጎተተች አመጣች።

«ይኸው! ልኩ ነው!» ብላ ጮኸች። እውነትም የጥጃው ግንባር ከቢጫዋ ጋር ትክክል ሆነ።

«ጥጃ መኝታ ቤት ገብቶ አያውቅም» አለች አስናቁ።

«ሳታይው ገብቶ ቢሆንስ?»

«ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው ጆሮዬ አይደለም። የጥጃ ኮቴ አላጣም።»

እኛ ይህን ስንል ጋሽ ይመር ከውጭ ገባ። ሚስቱን፣ እኔን፣ ትርንጎንና መኝታ ቤቱ በር ላይ የቆመውን ጥጃ ተራ በተራ አየ።

«ያረቢ! ቤቴ ውስጥ ጥጃ ምን ይሠራል?»

«ተጠርጣሪ ነው» አለች ትርንጎ።

አባረረን። ጥጃውንም አብሮ አባረረው። ትርንጎ ግን ከመውጣቷ በፊት ቢጫዋን በጣቷ ነክታ አሽትታ ነበር። በር ላይ ስንደርስ ጣቷን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ቅቤ ነው» አለች።

«ወጥ ሲሠሩ ተፈናጥቆ ይሆናል።»

«የወጥ ቢሆን ኮረሪማ ይሸት ነበር። ይሄ አሪቲ አለበት። የራስ ቅቤ ነው፣ እማ ሙሉ። ፀጉር ላይ የሚደረግ።»

ተመልሼ አስናቁን በአጥር በኩል ጠራኋት። «ራስሽ ላይ ቅቤ ታደርጊያለሽ?»

«እኔ? ትቼዋለሁ፤ ነጠላዬን እያበላሸ።»

ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚኖር የለም። ልጆቻቸው ተድረው ሄደዋል። የቀረው ማን እንደሆነ አሁን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ባርኔጣውን እንጂ ሰውዬውን አስቤው አላውቅም ነበርና አልመጣልኝም።

በማግሥቱ ጠዋት የመስኮቱን መቃን ላርም ብዬ አስናቁን አስፈቀድሁ። ሳሎን ውስጥ ዱካ በምንላት በርጩማ ላይ፣ ብሩሽ ይዤ፣ ፊቴን ወደ መኝታ ቤቱ በር አድርጌ ተቀመጥሁ። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች፤ ክሬሙ መቃን ያበራል። ጋሽ ይመር ከመኝታ ቤት ወጣ። ባርኔጣ የለውም። ጫማውን አድርጎ ማሰሪያውን ግን አላሰረም። ጉልበቱ አልታጠፍ ስለሚለው እግሩን ዝቅ ያለች ሳጥን ላይ ሰቀለ፣ ጎንበስ አለ፣ እንዳይወድቅም አናቱን ቀኝ መቃኑ ላይ ደገፍ አደረገው። ቁመቱን በዓይኔ ለካሁ። ሁለት ክንድ ከስንዝር። እንደዚያ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ እያቃሰተ፣ የግራውን አሰረ። ከዚያ የቀኙን።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሽ ይመር?» አልሁ።

ቀና አለ። አናቱ ላይ አንድ ፀጉር የለም። እንደ ተወለወለ ብርት ያበራል፤ መካከሉ ላይ ነጭ ቅቤ ተቀምጦ መቅለጥ ጀምሯል። ባርኔጣውን በዓይኑ ፈለገው። እኔ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«መቼ መጣሽ?»

«የግራውን ሲያስሩ ነበርሁ።»

«ይሄ መድኃኒት ነው» አለ አናቱን በሁለት እጁ እየሸፈነ።

«የምን በሽታ መድኃኒት?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የፀጉር» አለኝ። «ያበቅላል ብለውኛል።»

«ከጀመሩት ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ስድስት ዓመት።»

አናቱን በደንብ አየሁት። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ምን በምን ላይ እንደሚይዝ አውቃለሁ። «ጋሽ ይመር፣ የመጀመሪያው እጅ አልያዘም» አልሁት።

ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቁሩ መቃን ቅቤውን ጠጥቶ ምንም ሳይናገር ኖሯል። ክሬሙ ግን በአሥራ አንድ ቀን አወጣው። እኔም እዚህ ላይ ጥፋት አለብኝ። መጀመሪያ ሳጥበው ማሽተት ነበረብኝ፤ እንጨቱ ቅቤ እንደጠጣ ያን ጊዜ ባውቅ እስከ ነጭ እንጨቱ ድረስ እወርድ ነበር። የራሴን ድርሻ ወስጃለሁ። የእሱን ግን አልወስድም።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ እባክዎን ለሰው አይንገሩ» አለኝ። እርስዎ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

«የእርስዎ አናት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ለማንም አልናገርም። የእኔ ቀለም ግን የእኔ ነው። ሰባ ሰው ፊት ነው የጣሉት፤ ሰባ ሰው ፊት ያነሡታል።»

«በጽሑፍ ብሰጥዎትስ? ማኅተም አደርግበታለሁ።»

«ስድቡ በጽሑፍ ነበር?»

«ታዲያ ምክንያቱን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«እሱን እርስዎ ያስቡበት። ርእሰ መምህር ነበሩ፤ ስንት ተማሪ ምክንያት ፈጥሮ ነግሮዎታል።»

መቃኑን እስከ ነጭ እንጨቱ ፈቀፈቅነው። በሳሙና፣ ቀጥሎ በአኳራጅ ጠረግነው፤ አዎ፣ በአኳራጅ፣ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ሲደርቅ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። እሱ አናቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጣውላ ቸነከርሁለት። ጥቁር ቡናማ ቀባኋት። አስናቁ በመዳፏ ዳበሰቻትና «ይቺ ምንድናት?» አለች።

«ጋሽ ይመር ያውቃል» አልኋት።

ሳቀች። «እሱ እኔ የማላውቅ ይመስለዋል። ስድስት ዓመት አብሬው ስተኛ አፍንጫ የለኝም?»

«ታዲያ በአጥር በኩል ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የእኔን ራስ ነው የጠየቅሽኝ። የእሱን አልጠየቅሽኝም።» ፍርድ ነውና ተቀበልሁ።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ጋሽ ይመር ተነሣና «የበሩ ጉዳይ በጥናት ላይ ነው» አለ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔ አላጨበጨብሁም። በሁለተኛው ወር «የአየር ጠባዩ አስተዋጽኦ ሳይኖረው አይቀርም» አለ። ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድሁ፤ ሰማዩን አየሁ፤ ወደሱ ዞርሁ። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። ስብሰባው ሲያበቃ መንገድ ላይ ጠበቅሁት። «ቀለሙ እንዳልቀጠነ አስናቁን ልንገራት፣ እሷ ለሰው ታውራ» አለኝ። «አስናቁ አልሰደበችኝም» አልሁት። በዚያ ሁለት ወር ገበያ ላይ «እማማ አኳራጅ» መባሌ አልቀረም። ከኩታበር የመጣ ሰው ቤቱን ሊያስቀባ ፈልጎኝ ስሜን ሲጠይቅ በዚያ ስም መርተው አመጡት።

አሁን ስለ ቃሌ ልናገር፤ ቃል አፈረሰች እንዳትሉኝ። ለማንም አልነገርሁም፤ ለትርንጎ እንኳ። እሷ ራሷ ነች የደረሰችበት፤ ደርሳበትም ስትስቅ ዋለች። ጋሽ ይመር ካለፈው ፋሲካ በኋላ ቅቤውን ተወ። «ከእንግዲህ ጻፊው፤ ስሜን ብቻ ለውጪልኝ» አለኝ። ለውጬለታለሁ፤ ይመር አይባልም። የእድራችን ሊቀመንበር አንድ ብቻ በመሆኑ ምን እንደሚጠቅመው ግን እኔ እንጃ።

በዚህ ሥራ የተማርሁት ይህ ነው። ጥቁሩን በፈዛዛ ልትለውጡ ስትገቡ መጀመሪያ አሽትቱ፣ ከዚያ እጠቡ፣ ከዚያ ፈቅፍቁ። ቀለማችሁ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ በአንድ ቦታ ከተበላሸ ቀለሙን ተዉትና ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ማን እንደሚቆም ተመልከቱ። ስድብ የተነገረው ሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውን ጓዳ አትቀበሉ።

በሦስተኛው ወር ስብሰባ ሰባውም ሰው መጣ። እንዲያውም በዛ፤ ትርንጎ ገበያ ላይ ጠርታ ነበር። ጋሽ ይመር አጀንዳውን አነበበ፤ የሞተ የለም፣ የታመመ የለም፣ አዳራሹን የሚቀባ የለም። እዚያ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው። ወደ እኔ አየ። እኔ እጄን አጣምሬ ነበር የተቀመጥሁት፤ አልፈታሁም። ተነሥቶ ቆመና እንዲህ አለ፦

«ቀለሙ አልቀጠነም። አቅጥናለች ያልሁት እኔ ነኝ፤ ዋሽቻለሁ። አዳራሹን ወይዘሮ ሙሉና ወይዘሮ ትርንጎ ሰኞ ይጀምራሉ። የበሩን ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ካለ ግን፣ ስብሰባው ተበትኗል።»